የአዳራሹ ምድር ቤት

ቤርሼቫ፣ ሽኩና ቤት
ግንቦት 25 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንቅነሽ፣

ከዚህ ከበረሃው ከተማ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የምትተኚበትን ቤት፣ የምትወጪ የምትገቢበትን በር፣ የምትጽፊበትን እጅ የአባቶቻችን አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛ ክብር ለስሙ ደህና ነን። አባይነሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም የምትንከባከባት አሮጊት ዘንድ በየቀኑ ትሄዳለች። ልጃችን ያኤል ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። አታውቂያትም፣ እዚህ ነው የተወለደችው። በአማርኛ ስጠይቃት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች እንጂ ልበ ጥሩ ናት። ቀኑን በእናንተ አቆጣጠር የጻፍኩት ግራ እንዳይገባሽ ብዬ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን የስፖርት አዳራሽ ነግሬሻለሁ። ወለሉን እወለውላለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ቱቦ ሲደፈን እከፍታለሁ፣ ማታ ቆልፌ እወጣለሁ። አሁን አዳራሹ አርጅቷል ተብሎ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ አለ። ኒሲም የሚባለው አለቃዬ፣ የስፖርት ማኅበሩ ኃላፊ፣ አንድ መዳኛ አለን ይላል። የደቡብ ኮሌጆች በሐኑካ በዓል ማግስት የሆኪ ውድድር ያደርጋሉ። ሆኪ ማለት ጎረምሶችና ኮረዶች ቆልማማ ዘንግ ይዘው ትንሽ ኳስ የሚያሳድዱበት ጨዋታ ነው። የት ይሁን የሚለውን የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቁሟል። እኛ ከተመረጥን አዳራሹ አይዘጋም፣ እኔም ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል?

ለምርጫ የቀረቡት ሦስት አዳራሾች ናቸው። አንደኛው በባሕሩ ዳር ባለ ከተማ ነው፤ ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት ስለሚደርስበት ሰዉ ይፈራል። ሁለተኛው እዚሁ ከተማችን ዳርቻ አዲስ የተሠራ ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል፣ ነገር ግን ሚክላቱ ሰባ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ሚክላት ማለት ሮኬት ሲመጣ የሚገባበት የምድር ቤት ነው። ኮሚቴው ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ ካልሆነ አንመርጥም ብሏል። የእኛ ሁለት መቶ ይይዛል። ወረቀቱንም እኔው ፈርሜያለሁ።

እዚህ ቤርሼቫ ሮኬት አይደርስም፣ አርባ ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። አትስጊ።

ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ነገር በሚመጣ ሰው እልካለሁ። በጸሎትሽ አስቢኝ።

ወንድምሽ ውበቱ


ጎንደር
ሐምሌ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለውበቱ፣

እንዴት ከርመሃል? ከነባለቤትህ፣ ከነልጅህ ሰላም ሁኑልኝ። ቤታችሁን ክፉ አይየው፣ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው። እኔ ዘንድሮም ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ በምንጠብቅበት ግቢ አጠገብ ነኝ። ልሄድ ነው ብዬ ዕቃዬን ከሸጥኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ የሸጥኩትን ዕቃ ገዢዋም ሸጠችው።

ሆኪ ሆኪ ትለኛለህ፤ የገና ጨዋታ ነው እንጂ ምንድነው እሱ? የጎረቤት ልጆች በገና ቀን ጥንግ ሲያሳድዱ አጥር ላይ ተሰቅለህ ታይ የነበርከው አንተ አይደለህም? ጥንጉ ግንባርህን ብሎህ፣ እናትህ እንዳትሰማ ደሙን በነጠላዬ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ጠባሳው ይኖራል። ያን ቀን «ምን ሆንክ?» ስትባል «ምንም» ነበር ያልከው። ደሙ እየፈሰሰ ምንም።

አሁንም ምንም እያልከኝ ነው። እኔ የምኖረው ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው፤ ሰው የት ላይ እንደሚዋሽ ከእጅ ጽሕፈቱ አውቃለሁ። ስለ አዳራሹ አምፖልና ቱቦ ሳይቀር ጻፍክልኝ። ያ የምድር ቤት ጋ ስትደርስ ግን ፈርሜያለሁ ብለህ ዘለልከው፤ ፊደሎችህም እርስ በርስ ተደራረቡ። ምን ፈረምክ? የምድር ቤቱ ውስጥ ምን አለ? ንገረኝ፣ ሩቅ ነኝ፣ ለማንም አልናገርም።

አንተም ኮሚቴ አለብህ፣ እኔም ኮሚቴ አለብኝ። ያንተው አዳራሽ ይመርጣል፣ የእኔው ሰው ይመርጣል። ገንዘብ አትላክልኝ፣ ከአባይነሽ መድኃኒት አትቀንስ። የምፈልገው ሌላ ነው። አያትህ እማማ ትዋብና አያቴ አባባ ስሜነህ ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱ እህትና ወንድም መሆናቸውን እዚያ ያለ ዘመድ ፈርሞ ይመስክር ተብያለሁ። ፎርሙን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። ፈርመህ ቶሎ መልስልኝ። ከእንግዲህ አውሮፕላን አይኖርም የሚል ወሬ ስለሰማሁ ነው የምቸኩለው።

እህትህ ስንቅነሽ


ቤርሼቫ፣ ሽኩና ቤት
መስከረም 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንቅነሽ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። አዲሱ ዓመት የምንገናኝበት፣ እህል ውሃችን አንድ ላይ የሚሆንበት ያድርግልን። መልሴ መዘግየቱን አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት አልፎታል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ተመረጥን። ይኼ የምሥራች ነው፣ ሰዉም ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከሦስት ዓመት በፊት አባባ ታከለ ወደ አዳራሹ መጡ። ታስታውሻቸዋለሽ፣ የአባትሽ ወዳጅ ናቸው። እዚህ የለቅሶ ማኅበራችን ሰብሳቢ ሆነዋል። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ከየከተማው የሚመጣውን እንግዳ ሰባት ቀን እናበላለን። ዕቃው በዛና ማስቀመጫ ጠፋ። «ልጄ፣ አንተ ቁልፍ አለህ፤ የምድር ቤቱ ባዶውን አይደለም ወይ?» አሉኝ። ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ እምቢ ልበል? «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አልኩ። ሁለት ድንኳን ከነብረቱ፣ አርባ አግዳሚ ወንበር፣ አሥራ አንድ ትልልቅ ድስት ገባ። ከወለል እስከ ጣራ ሞላ። የወንበሮቹ እግር ወደ ውጭ ስለሚወጣ የብረት በሩ አይገጥምም። ሰው ቢገባ ከአሥር አይበልጥም፤ እሱም ቆሞ።

በሚያዝያ ኒሲም ወረቀት ይዞ መጣ። «የየዓመቱ ነው፣ ፈርም» አለኝ። ዕብራይስጥ እናገራለሁ እንጂ ሳነብ በየፊደሉ እደናቀፋለሁ። አንብብልኝ ማለት አፈርኩ። ሰውየው ሥራ የሰጠኝ ነው፣ ብዕሩን ዘርግቶ ቆሟል። ፈረምኩ። በኋላ ግልባጩን ለያኤል አሳየኋት። «የምድር ቤቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባዶ ነው፤ በሩ ከውስጥ ይዘጋል፤ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል» ይላል። «አባ፣ በኤመት አይተሃል?» አለችኝ። የእውነትህን ነው ማለቷ ነው። «አይቻለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

በነሐሴ ኮሚቴው ሊያይ መጣ። ራቪት የምትባል ሴት ናት የምትመራው፤ ሜትርና ደብተር ይዛ ትዞራለች፣ ምንም አያመልጣትም። ወለሉን ለካች፣ መብራቱን አስበራች፣ መጸዳጃውን ሳይቀር ቆጠረች። መጨረሻ ላይ «ሚክላቱስ?» አለች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እጄም ቁልፉ ላይ። ኒሲም ትከሻዬን መታ አድርጎ «ውበቱ ፈርሟል፤ ውበቱ ከፈረመ አለቀ» አላት። አየችኝ። ፈገግ አልኩ። እሷም ፈገግ አለችና ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች። አዳራሹ በዚያች ምልክት ተመረጠ፤ አዲሱ አዳራሽ ሰባ ብቻ ስለሚይዝ ወደቀ።

ውድድሩ ታኅሣሥ 21 ቀን ነው። ተጫዋቹና ተመልካቹ ሁለት መቶ ይሆናል ተብሏል። ያኤልም ለኮሌጇ በረኛ ሆና ትጫወታለች።

ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት።

ወንድምሽ ውበቱ


ጎንደር
ጥቅምት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለውበቱ፣

የጤና አምላክ ከቤትህ አይራቅ። በዓሉን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ፎርሜ የጻፍከውን ፈልጌ ነበር፤ የለም። አንድ ቃል የለም። ተናደድኩና አስቀመጥኩት። ማታ እንደገና ሳነበው ግን ንዴቱ ወደ ፍርሃት ዞረብኝ። ልጅህ እዚያ ውስጥ ልትጫወት ነው፣ ከሥሯ ያለው የምድር ቤት በድስት የተሞላ ነው፣ አንተም ፈገግ አልክ።

አይ ውበቱ። አንተ እኮ ክፉ ሰው አይደለህም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ትቼህ እተኛ ነበር። አባባ ታከለን ላለማሳዘን እሺ፣ ኒሲምን ላለማሳፈር እሺ፣ ለራቪት ደግሞ ፈገግታ። ለሁሉም እሺ ስትል ልጅህን የት አደረግካት? ሮኬት አይደርስም ብለኸኛል። በባሕሩ ዳር ላለው ለዚያ ከተማም አንድ ሰሞን እንደዚያ ሳይባል አልቀረም።

መላው ቀላል ነው። ዕቃው ይውጣ። ለአባባ ታከለ መናገር ካፈርክ እኔ ልናገርልህ። በዚህ ፖስታ ውስጥ ለእሳቸው የጻፍኩት አለ፣ አሽጌዋለሁ። ዓይናቸው እንደደከመ ስለሰማሁ አንተው አንብብላቸው። የአባቴን መቃብር የቆፈሩ ሰው ናቸው፤ እኔን አይቀየሙም። አንተም አፍህን አትከፍትም፣ የእኔን ቃል ነው የምታነበው።

ግቢው ውስጥ ወሬው ብሷል። በቃ አለቀ፣ ቀሪው አይሄድም ይላሉ። የእኔን ፎርም አትርሳ። ሰበብ ካለህም ንገረኝ፣ ዝም አትበለኝ።

እህትህ ስንቅነሽ


ቤርሼቫ፣ ሽኩና ቤት
ኅዳር 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንቅነሽ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እኛ ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ላንቺ መዋሸት ግን አልፈልግም።

ለአባባ ታከለ የጻፍሽው ደረሰኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልወስደው በተነሳሁበት ቀን እማማ ሸጋዬ የሚባሉ ሽማግሌ እናታችን ዐረፉ። ነፍስ ይማር። ዕቃው ሁሉ ወጣ፤ ድንኳኑ ሕንጻዎቹ መሀል ያለው ሜዳ ላይ ተተከለ። የምድር ቤቱ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ። ገብቼ ጠረግኩት። በሩን ሳብኩት፣ ገጠመ። ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳዳምጥ የመንገዱ የመኪና ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። እግዜር ራሱ ባዶ አድርጎ አሳየኝ፣ አሁን እናገራለሁ አልኩ።

በስምንተኛው ቀን አባባ ታከለ ጎልማሶቹን አስከትለው ዕቃውን ይዘው መጡ። ለቅሶው ላይ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ዓይናቸው አብጧል። «ልጄ፣ አንተ ባትኖር የት እንገባ ነበር?» ብለው መረቁኝ። ይኼን ሰው በምን አፌ ልመልሰው? በሩን ራሴ ከፈትኩላቸው። አንዱን ድስት ራሴ ተሸክሜ አስገባሁ።

አትስደቢኝ፣ ራሴን ከምሰድበው በላይ አይሆንም።

ሰሞኑን ተኩሱ እንደገና ጀምሯል። ዜናው በየቀኑ የወደቀበትን ቦታ ይናገራል፤ እኔ ካርታ ላይ በጣቴ እለካለሁ። አንድ ቀን ማንም ሳይኖር ሰዓት ይዤ ከመጫወቻው መሀል እስከ ምድር ቤቱ በር ሮጥኩ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ሆነ። አዛካ የሚሉት የማስጠንቀቂያ ጩኸት ከጮኸ በኋላ እዚህ ስልሳ ሰከንድ አለ ይባላል። ሩጫው ይበቃል። ሰዉ ሮጦ ሲደርስ ግን የሚያገኘው አግዳሚ ወንበር ነው። ሞተር ብስክሌት ሲነሳ እንኳ እደነግጣለሁ። ያኤል ልምምዷን እዚሁ ጀምራለች፤ ጎሉ ፊት ቆማ ዘንጓን መሬት ላይ ስትመታ እያንዳንዱ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይገባል።

ስለ ፎርምሽ ጊዜ ስጪኝ። አለመርሳቴን እወቂልኝ። ብዕር ሳነሳ እጄ ይያዛል። የዚያን ቀኑ ፊርማዬ ይመጣብኛል።

ወንድምሽ ውበቱ


ጎንደር
ኅዳር 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውበቱ፣

ይኼን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ቶሎ ይድረስህ ብዬ ነው፤ ሰላምታውን አንተ ሙላበት።

ፎርሙን አትፈርም። ትቼዋለሁ። ሳያነብ የፈረመ፣ ካነበበም በኋላ ዝም ያለ እጅ የአያቴን ስም እንዲጽፍ አልፈልግም። ጎንደር ቁጭ ብዬ ባረጅ ይሻለኛል።

ድስቱን ተሸክሜ አስገባሁ ያልከኝን ሳነብ ያ በግንባርህ ደም እየፈሰሰ ምንም ያልከው ልጅ ታየኝ። ያኔ ደሙ ያንተ ነበር።

ስንቅነሽ


ቤርሼቫ፣ ሽኩና ቤት
ታኅሣሥ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንቅነሽ፣

በሕይወት ነን። መጀመሪያ ይኼን እወቂ። አባይነሽም ያኤልም በሕይወት አሉ። ዜናውን ሰምተሽ እንደምትጨነቂ ስለማውቅ ሰላምታዬ እሱ ይሁን። የጠበቀን አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ።

የላክሽው ሰው ደብዳቤሽን ታኅሣሥ 12 ቀን ሥራ ቦታዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። የተመልካቹን ወንበር እየጠረግኩ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። መጥረጊያውን አስቀመጥኩና፣ ልብሴን ሳልቀይር፣ ከመሳቢያዬ ያሸግሽውን ይዤ አባባ ታከለ ቤት ሄድኩ።

ያንቺን አነበብኩላቸው። «አባባ፣ ዕቃዎ የተቀመጠበት ቦታ የሰው ነፍስ ማትረፊያ ነው፤ ውበቱ ለርስዎ ካለው ክብር የተነሳ መናገር አቅቶታል» የሚለውንም ሳልዘል አነበብኩ። ከዚያ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? «እኔ እኮ ደስ ይለኛል ስላልከኝ ነው። ባትፈልግ የልጄ ጋራዥ ነበረልን።» ጋራዡ ከአዳራሹ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው። ሦስት ዓመት ስፈራው የኖርኩት አንድ ቃል ነበር፣ መልሱም ጋራዥ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ማን ሞኝ አደረገህ?» አሉኝ ደግሞ። አልተቆጡም፣ አዘኑ። ቁጣቸው በተሻለኝ።

በማግስቱ ለኒሲም ነገርኩት፣ ከዚያም ለራቪት ደወልኩ። አዳራሹን ያስመረጥኩበት ወረቀት ሐሰት ነው፣ ሳላነብ ነው የፈረምኩት፣ ካወቅኩ በኋላም ደብቄያለሁ አልኳት። ያኤል አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ዕብራይስጡ ሲጠፋብኝ ቃል ታቀብለኝ ነበር። ራቪት «ሁለት መቶ ሰው፣ ውበቱ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ዕቃው እንደሚወጣ ነገርኳት። እሷ ግን ኮሚቴው ውሸት በተፈረመበት ቤት ሰው አይሰበስብም፣ ውድድሩ ወደ አዲሱ አዳራሽ ይሄዳል፣ ሰዉም ወደ ሰባ ይቀነሳል አለች። ትክክል ናት።

ኒሲም አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸብኝ። አዳራሹን ገደልከው አለኝ። በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ቁልፉን አስረክበህ ሂድ አለኝ። እሺ አልኩት። ይኼኛው እሺ ግን ከብዶኝ አልወጣም።

ታኅሣሥ 16 ቀን ጎልማሶቹ መጥተው ዕቃውን አወጡ። በሩን ዘይት ቀባሁት፣ የማይሠሩትን አምፖሎች ቀየርኩ፣ ውሃ በጀሪካን ሞልቼ ደረደርኩ። ሥራዬን ላጣ ነው፣ ውድድሩ ሄዷል፣ ለማን ብዬ እንደምደክም አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ቀን የጋዛው ጦርነት ጀመረ። ውድድሩም የትም ቢሆን አይደረግም ተባለ። ኮሚቴው ስንት ወር የመረጠው፣ እኔ ስንት ሌሊት የተገላበጥኩበት፣ በአንድ ማስታወቂያ ቀረ።

ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ውድድሩ ሊሆን በነበረበት ቀን፣ ማታ ላይ አዛካው ጮኸ። በቤርሼቫ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ያኤል መስኮቱ ጋ ነበረች። እጇን ያዝኩና ወጣን፤ አባይነሽ በዚያ ጉልበቷ ከፊታችን ትሮጥ ነበር። ቁልፉን ገና አላስረከብኩም፣ ከአንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዉ ከየሕንጻው እየወጣ ያለቅስ ነበር፤ አሮጊቱ፣ ሕፃን የታቀፈው፣ በፒጃማ የወጣው። አዳራሹ መንገዱ ማዶ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም። «ወደ አዳራሹ!» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። በሩን ስከፍት ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተው፤ ያኤል እጄን ይዛ አስገባችው።

ገቡ። ድንኳኑ በነበረበት፣ ድስቶቹ በነበሩበት ገቡ። መጨረሻ እኔ ገብቼ በሩን ሳብኩት፣ ገጠመ። ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የት እንደወደቀ አናውቅም ነበር፤ ቅርብ እንደሆነ ግን እግራችን ነገረን። አንድ ሕፃን ማልቀሱን አቁሞ ዝም አለ። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ ስንቅነሽ። የፈራሁት ሮኬቱን አልነበረም። ያ ዕቃ እዚያ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ነበር፤ አሁንም ዓይኔን ስከድን የሚታየኝ እሱ ነው። ሰዉ ደረጃው ላይ ተደራርቦ፣ በሩ በወንበር እግር ተይዞ፣ ቁልፉም በእኔ እጅ።

ያኤል ሰዉን ቆጠረች። መቶ ስድሳ ሦስት አለችኝ። በአማርኛ ነበር የነገረችኝ።

በማግስቱ አባባ ታከለ አሥራ ሁለት ወንበር አስጭነው መጡ። «ሽማግሌ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ግን በሩን እንዳይነካ አንተው ደርድር» አሉኝ። ግድግዳው ሥር ደረደርኩት። ኒሲም ስለ ቁልፉ እስካሁን አልጠየቀኝም። ይጠይቀኛል። ጦርነቱ ሲያልቅ አስረክባለሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደምሠራ አላውቅም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ፎርሙን አትፈርም ብለሽኛል፤ አልታዘዝኩሽም። እስከዚህ ድረስ ጽፌ አዛካው እንደገና ስለጮኸ ቀሪውን የምጽፈው ታች ሆኜ፣ ከነዚያ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ ነው። ፎርሙ ጉልበቴ ላይ ነው። የእማማ ትዋብን ስም አነበብኩ፣ የአባባ ስሜነህን አነበብኩ፣ ያንቺን አነበብኩ። የዕብራይስጡን ያኤል በየፊደሉ አስነበበችኝ፤ ስሳሳት እየመለሰችኝ። የማላውቀው፣ ያላየሁት፣ ያልሆነ ነገር የለበትም። ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ከኮሚቴሽ በኋላ፣ ከአውሮፕላኑም በኋላ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ልኬልሻለሁ።

ፊርማዬ የተጣመመው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለፈረምኩ ነው። አንብቤዋለሁ።

ወንድምሽ ውበቱ